በአያት መሬት ላይ ኪራይ

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ዛሬም ቀለም መፋቅ። ጣሊያን የድሮውን ሐኪም ቤት ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀብቶት ሄዷል፤ ጭቃ አይዝበትም። ግንበኛው ታፈረ በመዶሻ እየነቆረ ሊያሻክረው ይሞክራል። ጧት የመረግነው ከሰዓት ከነጭዱ ተዘርግፎ ይጠብቀናል። ታፈረ ግድግዳውን ይሰድባል። 

ከየአልጋው በላይ የተጻፉት ቁጥሮች አሁንም ይነበባሉ። አልጋዎቹን ቁስል አሻጊው ድሬሰሩ ጭኖ ወስዷቸዋል፣ ሐኪም ቤቱ የመኪና መንገድ ወዳለበት ከተማ ሲዛወር። ቁጥሮቹ ቀሩ። በሽተኛውም ቀረ።

ከሰዓት ግራዝማች በላይነህ መጡ። የማዘጋጃ ቤታችን ሹም ናቸው፤ እኔ ጸሐፊያቸው፣ አሁን ደግሞ የዚህ ሥራ ተቆጣጣሪ። ሁለት አልጋ በነበረበት አንድ ቤተሰብ ይገባል ይላሉ። በሰው ጓዳ የሚያድሩ መበለቶች፣ ገበያው ዳስ ሥር የሚተኙ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው። ኪራዩ ማንም የሚችለው እንዲሆን ተወስኗል። አገረ ገዥው ከክረምት በፊት መጥተው ያዩታል ተብሏል። ግራዝማች በሩ ላይ በድንጋይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ ከወዲሁ አስበው ጨርሰዋል። ጣሪያውን ግን ቀና ብለው አላዩም።

ከኋላ፣ በልብስ ማጠቢያው ቤት፣ እትዬ አንጓችን ያስላቸዋል። የበሽተኛ አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው፣ ሐኪም ቤቱ ሲሄድ እሳቸው አልሄዱም። የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። ሰባት ቁጥርን ስጠኝ አሉኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። በሰባት ቁጥር ሰው አልሞተም፣ የሁሉንም አንሶላ ያጠብሁት እኔ ነኝ፣ አሉ።

እሺ ብያለሁ። ክረምት ሳይገባ በር ባለው ክፍል አስተኛቸዋለሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም ባይወጣ ይህ ይውጣ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ገበያ። ልብስ ሰፊው ሰይድ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ ጠራኝ። ክፍል ይደርሰኝ ይሆን ወይ ይላል። ለድኃ ነው አልሁት። ዞር ብሎ የሱሪውን መቀመጫ አሳየኝ፤ ጥፍ በጥፍ ላይ። ዳኛ ፊት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላቀርብም አለ።

በአንድ ባለርስት ጓሮ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። እስላም እዚህ አገር ርስት የለውም፤ ባለቤቱ በነቃ ቀን ኪራይ ይጨምርበታል። አንተም አባት ቁጠርና ርስትህን ፈልግ ብዬ ቀለድሁበት። "እኔ አባት ብቆጥር ወሎ ነው የምደርሰው፤ እዚያም ሌላ ሰው ሰፍሮበታል" አለ። ሳቅን። ስሙን ያዝሁለት።


ሐሙስ፣ የካቲት 14

ቆርቆሮ የለም። ለበላይ የጻፍነው ጥያቄ መልስ አልመጣለትም፣ አይመጣለትምም። ምሥራቁ አዳራሽ ውስጥ በጀርባህ ብትተኛ ሰማይ ታያለህ።

ግራዝ. የማጠቢያው ቤት ቆርቆሮ ተነሥቶ እዚያ ይመታ አሉ። ያስኬዳል። ማጠቢያ ቤቱ ለማንም አይሰጥም፣ ኋላ ይፈርሳል። እትዬ አንጓችም ሰባት ቁጥር ሊገቡ ነው። ትእዛዙ ላይ ፈረምሁ።

ታፈረ ቆርቆሮውን ሲነቅል እትዬ አንጓች ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ቀስ በል፣ ምስማሩን አታጣምመው፣ ለእኔው ቤት ነው ይሉታል። ታፈረ እሺ እመቤቴ ይላል፣ እያሾፈ። ለጊዜው ሣር አለበስንላቸው። የዘንድሮ ሣር አጭር ነው። እስከ ፋሲካ ማግሥት ይበቃል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 26

ጾም ከገባ ሳምንት አልፏል። ዛሬ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ጧት ከገጠር ሰው ፈሰሰ፤ ድንጋይ በትከሻ፣ ድንጋይ በአህያ። ባላምባራስ ካሴ ከፊት። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ደጅ የጨረሱ ባለርስት ናቸው፤ ለበጎ ነገር ሲነሡ አይቼ አላውቅም። ለድኃ ቤት ድንጋይ ማቀበል ጽድቅ ነው፣ ጊዜውም ጾም ነው፣ አሉኝ። ደቦ ነው፣ ክፍያ የለም።

አንድ ነገር ብቻ። ማንም ድንጋዩን ለግንበኛ አይሰጥም። ራሱ ወስዶ ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል። አስቀምጦ ወደ ጎረቤቱ ይዞርና አየኸኝ ይላል። አይቼሃለሁ ይለዋል ያኛው። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ታፈረ አበደ። አገሩ ሁሉ ግንበኛ ከሆነ እኔ ላባቸውን ልጥረግላቸው ይላል። ያጋደለውን ሁሉ ነገ አፍርሶ ሊያቃና ነው።

እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውኃ አቀበልሁ። የማዘ/ቤቱን ምስጋናም ለእያንዳንዱ አደረስሁ። ማስታወሻዬ፣ ስለዚህ አገር ሰው አንድ ቀን እንኳ ደግ ነገር ልጻፍብህ። ደስ ብሎኛል።


ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ምርጉ ያዘ። ታፈረ እበት አብዝቶ አቦክቶበት ነው። ከፋፋዮቹ ግድግዳዎች ደረት ደርሰዋል።

አሁን ጣጣው ምድጃ ነው። ሐኪም ቤት ጭስ አያውቅም። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ግን ዝገው ተጣብቀዋል። በየክፍሉ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ እየበሳን ነው። ሲሚንቶው ወለል ይቀዘቅዛል፤ ሰው ምን እንደሚያነጥፍበት እግዜር ያውቃል።

እትዬ አንጓች በየቀኑ እያነከሱ ሰባት ቁጥር ይመጣሉ። መደብ እዚህ፣ እንስራ እዚያ። ቁጥሩን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ታፈረ እንዳይመርግበት አስጠንቅቀውታል። እርስዎ እኮ ማንበብ አይችሉም ቢላቸው፣ ይህቺን አውቃታለሁ አሉት።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

በሮች ተገጠሙ። ያረጀ እንጨት፣ አዲስ ማጠፊያ።

አገረ ገዥው አይመጡም። መንገዱ አያስኬድም ተባለ። ግራዝ. አሞኛል ብለው ቤታቸው ዋሉ። ጠራቢው የበሩን ድንጋይ ጽሑፍ መሐል ላይ አቆመው።

ለኔ ምንም አይደለም። ቤቱ አለ። በዓሉ ይለፍና ቁልፍ እሰጣለሁ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

የቁልፍ ቀን። ጠረጴዛው በረንዳው ላይ። ውሉ፣ የጣት ቀለሙ፣ ቁልፎቹ በገመድ ላይ። ሰው ግቢውን ሞላው። ቆንጆ ቀን ነው ብዬ አሰብሁ።

መጀመሪያ አንዲት መበለት ጠራሁ። በወንድሟ ማድ ቤት የምታድር። ቁልፉን ተቀበለች። ወረቀቱ ምን ይላል አለች። አነበብሁላት። ከማዘ/ቤቱ ተከራይቻለሁ፣ በየወሩ እከፍላለሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በዝቶብሽ ነው ወይ አልኋት። አልበዛም አለች። ታዲያስ ብላት፣ የአያቴ መሬት ነው ብላ ሄደች።

ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛውም። በኋላ ስም ስጠራ ሰው መነሣቱን ተወ። ከየተቀመጠበት እጁን ያወዛውዝልኛል።

እዚህ አገር ተወልጄ ይህን አለማሰቤ። ጣሊያን መሬቱን ከአገሩ ሰው የጋራ አያት ከወልደ ሐና ዘሮች ቀምቶ ነው ሐኪም ቤቱን የሠራው። ጣሊያን ሲወጣ መንግሥት ያዘው። ባለርስቶቹ ዝም አሉ እንጂ አልረሱም። በርስቱ ላይ ኪራይ የከፈለ ሰው ደግሞ፣ መሬቱ የእኔ አይደለም ብሎ በጣቱ እንደ መሰከረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አባት ቢቆጥር የሚሰማው ዳኛ የለም። የዚህ ከተማ ድኃ ጣሪያ ላይኖረው ይችላል። ወደ ወልደ ሐና የሚቆጥረው አያት ግን ሁሉም አለው፤ እኔም አለኝ። እኛ ኪራዩ ዝቅ ካለ ድኃ ይገባል ብለን ቁጭ አልን። አንዲት ሳንቲም ብናደርገውም ያው ነበር።

የፈረመ ሰይድ ብቻ። ባዶው ግቢ ውስጥ ቆሞ የትኛውን ክፍል ልምረጥ ይላል።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 25

እትዬ አንጓች ትናንት አልመጡም። ዛሬ እኔ ሄድሁ። ሣሩ ሥር ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ጣትዎን ብቻ። ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ።"

"ገንዘብ ማን ጠየቀህ።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ጣቴ ነው ነገሩ።"

ከዚያ ቆጠሩልኝ። አባታቸውን፣ የአባታቸውን አባት፣ እያሉ እያሉ እስከ ወልደ ሐና። ሲቆጥሩ አላሳላቸውም። ይህን አባቴ እንዳስያዘኝ ይዤዋለሁ፤ አንተ የታዬ ልጅ፣ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ፤ ለጣሪያ ብዬ ከነዚህ ሰዎች መካከል ልውጣ እንዴ፣ አሉ።

እኔ ቤት ይምጡ አልኋቸው። እኔም ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ ይሁን። ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ለቃ ሄደች ይሉኛል አሉ። ልክ ናቸው፤ ይሏቸዋል።

ጣሪያቸውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አላነሡትም። እኔም አላነሣሁትም።


ሐሙስ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ከዋርካው ሥር ንፍሮ። ባላም. ካሴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በደቦው ቀን እዚያው ነበርህ አይደል አሉ። ነበርሁ። ሰው ሁሉ ድንጋዩን በእጁ ሲያስቀምጥ አይተሃል አሉ። አይቻለሁ። ጎሽ፣ አንደኛ ምስክራችን አንተ ነህ አሉ፣ ሽምብራ እየቆረጠሙ።

ያኔ ገባኝ። አየኸኝ፣ አይቼሃለሁ። በአያቱ መሬት ላይ በገዛ እጁ የሠራ፣ ሲሠራም ማንም ያልከለከለው ሰው፣ ርስቱን አልለቀቀም ይባላል። ማዘ/ቤቱ አልከለከለም። ጭራሽ ጸሐፊው ቆሞ ውኃ አቀበለ። ክሱ አውራጃ ፍ/ቤት ገብቷል።

"ጽድቅ ነው ብለውኝ ነበር፣ ባላምባራስ።"

"ጽድቅም ነው። የአባትን ርስት ማስመለስ ኃጢአት ነው እንዴ?"

አጠገባችን ያሉት ሳቁ። ንፍሮ ጨመሩልኝ። በላሁ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ሰይድ ወጣ። ሌሊት ሌሊት ጣሪያው ላይ ድንጋይ ይወርዳል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ መተኛት አልቻለችም። የስፌት መኪናውን ከወዲያ ከወዲህ ይዘን አወጣን። ቁልፉን መለሰልኝ።

ማን እንደ ሆነ ታውቃለህ ወይ አልሁት። "ሁሉም ሱሪያቸውን እኔ ዘንድ ነው የሚያሰፉት። ሲወረውር የተቀደደበት ነገ ይመጣል" አለ። በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም። እሱም እንድስቅ አልጠበቀም።

አሁን ቤቱ ባዶ ነው። በር አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሰው የለውም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 27

ዝናብ። ቀድሞ መጣ። የእትዬ አንጓች ሣር በአንድ ቀን ተበሳ። አሁን ሣር አይገኝም፤ ጭድ ገዝቼ ደረብሁበት። ማታ ጭዱ ራሱ ያንጠባጥብ ጀመር። ሳላቸው ወደ ደረት ወርዷል።

ግራዝ. ዘንድ ሄድሁ። ያለ ውል፣ ያለ ኪራይ፣ እትዬ አንጓችን ብቻ እናስገባ አልሁ። ብዙ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ያለ ኪራይ ካስገባናቸው ባለቤት ናቸው ብለን አመንን ማለት ነው፤ ካሴ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው አሉ። እውነት ነው። የሚናገረው ሰው ሁሉ እውነቱን ነው። እትዬ አንጓች ግን ከሰባት ቁጥር ሃያ እርምጃ በማይርቅ ቦታ ውኃ ውስጥ ተቀምጠዋል።


ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ወንድሜ አያ ይርጋ ከገጠር መጣ። በሶ አምጥቶልኛል። ከባላም. ካሴ ጋር ከሳሽ ሆኗል፤ አንተም ግባ ይለኛል። የማዘ/ቤት ደመወዝተኛ ነኝ አልሁ። ይሁን፣ እሱን እተውልሃለሁ አለ። ጣትህን ግን ጠብቅ።

ነገሩን አፍታታው። የታዬ ልጆች ሁለት ነን። አንዳችን ኪራይ ከፈረምን የታዬ ቤት ከቆጠራው ወጣ ይባላል። እሱ አባታችን በተዉልን የደጋ መሬት ላይ ከአክስታችን ልጆች ጋር ክርክር አለበት፤ እነሱም ይህንኑ አንሥተው ይጥሉታል። ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ መሬት ነው።

ማን ይፈርማል አልሁት። አላውቅም፤ አንተ ልብህ ቶሎ ይራራል አለ። እንደ ነውር ነው የነገረኝ። ሳንጣላ ተለያየን።


ዓርብ፣ ሰኔ 14

ግራዝ. ከአውራጃ ተመለሱ። ፍ/ቤቱ እግድ ሰጥቷል። ሰኞ መልእክተኛ ይዞት ይመጣል። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ውስጥ የገባ አይወጣም፣ ያልገባ አይገባም፤ ባዶው ክፍል ሁሉ ይታሸጋል። ግራዝማች ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ጽሑፉ ግማሽ በቀረው የበሩ ድንጋይ ላይ ነበር።

የርስት ክርክር መቼ እንደሚያልቅ እናውቃለን። ከሳሽ ይሞታል፣ ልጁ ይቀጥላል። ይህ ተስፋ አስቆራጭ ነገር ነው። ዛሬ ግን ገልብጬ አየሁት። ሰኞ ጧት ውስጥ የተገኘ ሰው ክርክሩ እስኪያልቅ ውስጥ ነው። ክርክሩ አያልቅም። እትዬ አንጓች ይቀድሙታል።

ተከራይ ያስፈልጋል። ተከራይ ቤተሰቡን ይዞ ይገባል፤ ውሉ የቤተሰቡን ጣት አይጠይቅም። ስለዚህ የወልደ ሐና ዘር ያልሆነ ሰው ፈለግሁ። ሰይድን ለመንሁት። በኔ ስም ከገቡ ድንጋዩ በእሳቸው ላይ ነው የሚወርደው አለ። ልክ ነው። ታፈረስ? ታፈረ በእናቱ ወገን ይቆጥራል። ከተማውን በሐሳቤ ዞርሁት። ሌላ ሰው የለም።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢሮ ክፍት ነው።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፈረምሁ።

ግራዝ. ውሉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው በራ። የታዬ ልጅ ራሱ ተከራየ፤ ለፍ/ቤት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል አሉ። ማስረጃ ልሆን አልፈረምሁም አልኋቸው። አውቃለሁ አሉና ማኅተሙን መቱ። ፊርማዬ አልበቃ ብሏቸው ጣትም ይጨመርበት አሉ። እስካሁን በሳሙና አልለቀቀም።

ድሬሰሩ የረሳት አንዲት ቃሬዛ አለች። ታፈረና እኔ እትዬ አንጓችን በእሷ አወጣናቸው። እንደ እሳት ይፋጃሉ፣ የት እንዳሉ አያውቁም። ከቃሬዛው በታች ውኃ ይንጠባጠባል። ሰባት ቁጥር አስተኛናቸው። ታፈረ ምድጃውን አነደደ። ጭሱ ጥቂት ዞረና በቀዳዳው ወጣ። ታፈረ ቀና ብሎ አየው፤ ይሠራል አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በሰው ሁሉ ፊት ይኩራራበት ነበር።

ይርጋ እስከ ማክሰኞ ይሰማል።


ሰኞ፣ ሰኔ 17

መልእክተኛው መጣ። ባዶዎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ አሸገ። ሰባት ቁጥር በር ላይ ቆመና ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ውስጥ ያለውን ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ማንም እንዳያስወጣ። ሄደ።

እትዬ አንጓች ነቅተው ሰምተዋል። ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓቸዋል። ጣሪያውን አዩ። ግድግዳው ላይ ቁጥሩን አዩ።

"ዳኛው ሰጠኝ ማለት ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሳልፈርም?"

"ሳይፈርሙ።"

ይህኛው እውነት ነው።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

እትዬ አንጓች ተሽሏቸዋል። ባለቤት ሆነዋል። እግርህን ጥረግ ይሉኛል። ታፈረን መደቡን ሁለት ጊዜ አስፈርሰውታል። ዛሬ ሰይድ ወተት ይዞላቸው መጣ። ጠጡና፣ ቤት ካስፈለገህ አነጋግረኝ፤ ጥጉን በርካሽ አከራይሃለሁ አሉት። ሰይድ ወደ እኔ አየ። "አስብበታለሁ፣ እትዬ" አለ። ውጭ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተደገፈና ሳቀ። ቶሎ አቆመ።

በታሸጉት ክፍሎች ውስጥ ምርግ ይወድቃል። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት አረንጓዴው ቀለም ይተፋዋል። በረንዳው ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ፤ ዝም ይልና እንደገና ዘፍ ይላል። ገብቶ የሚያነሣው የለም፣ ማኅተም አለበት። እትዬ አንጓችም ይሰሙታል። ሰው ሳይገባበት እንዲህ ነው ቤት፣ ዳኛው ለሌሎቹም ቶሎ ቢሰጣቸው ይላሉ።

የሰኔን ኪራይ ከፍያለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ ራሴን ደረሰኝ ሰጠሁት።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ይርጋ መጣ። በዝናብ። ጋቢው ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ሰላም አላለኝም። አልፎኝ ቀጥ ብሎ ወደ ሰባት ቁጥር። መፈረሜን ሊነግራቸው ነው የመጣው። አላስቆምሁትም፤ በምን አፌ። በሩ አጠገብ ቆምሁ።

እትዬ አንጓች ድምፁን ለዩት። ግባ፣ ምን ትቆማለህ፣ የአያትህ ቤት ነው፤ ዳኛው መልሶልናል አሉት። ይርጋ ከደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ከጋቢው የሚወርደው ውኃ ሲሚንቶው ላይ ኩሬ ሠራ። ምድጃውን አየ። መደቡን አየ። እሳቸውን አየ፤ አንገታቸው ከሣር ቀጥኗል፣ ደስ ብሏቸዋል።

"እንኳን ደስ አለዎት" አለ።

ወጣ። በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ዝናቡ አድርጎ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ እንነጋገራለን አለኝ። ወረደ። የአክስታችን ልጆች የውሉን ግልባጭ ከማዘ/ቤቱ እንደ ጠየቁ አልነገረኝም። እኔው ነኝ ቢሮ ተቀምጬ የተቀበልኋቸው። ግራዝ. ስጣቸው አሉ። ሰጠሁ።

ቀጠሮው ለጥቅምት ነው። ማታ ከባላም. ካሴ ሰው ተልኮ መጣ። እትዬ አንጓች ለከሳሾቹ ወገን ቀርበው አባት እንዲቆጥሩ ተፈልገዋል፤ የሚሄዱበት በቅሎ ይላካል። እሳቸው ዛሬውኑ ቀሚሳቸውን ሊያሳጥቡ ነው። ዳኛውን በዚያው አመሰግነዋለሁ ይላሉ። እዚያ ቀን ውሉ ይነበባል። የኔ ስም፣ የኔ ጣት፣ ሰባት ቁጥር ክፍል። እሳቸው ፊት።

አይሰሙትም። ቁርጥ አድርጌያለሁ። ነገ ዝናቡ ባያቆምም ባላም. ካሴ ዘንድ እወርዳለሁ። የሚፈልጉትን ሁሉ እመሰክርላቸዋለሁ። ድንጋዩን፣ አየኸኝ መባባሉን፣ ውኃ ማቀበሌን፣ አለመከልከላችንን። ሥራዬ ይቀራል፤ ይቅር። ቤቱንም እንደ ቆርቆሮው ነቅለው ይካፈሉት። በምትኩ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ በቅሎዋ ከዚህ በር ድርሽ እንዳትል።